ባለቤቴ በቤት የሚሞሉት ጥይት

ባለቤቴ ጥይት የሚሞሉት ምግብ በምንበላበት ጠረጴዛ ላይ ነበር። ሌላ ጠረጴዛ አልነበረንም። ጥይት በሚሞሉበት ቀን ጓዳ ውስጥ እሳት አይነድም። ልጄን ለጎረቤት ሰጥቼ፣ ከሰሉን ውሃ ቸልሼበት፣ በሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ቁጭ እላለሁ። «ምን ያስቀምጥሻል? ሥራሽን አትሠሪም?» ይሉኛል። እኔ ግን አልነሣም። አንድ ነገር ቢፈነዳ ምን እንደማደርግ አላውቅም፤ ብቻ ዞር ማለት አልችልም ነበር።

ጣሊያን ወጥቶ አገር ከረጋ በኋላ ነው፤ የቡና ነጋዴው ከጎሬ ወደ መቱ መውረድ የጀመረ ጊዜ። ባለቤቴ እዚያው መቱ የአንድ ግሪክ ነጋዴ ቡና መፈልፈያ ማሽን መካኒክ ነበሩ። አባታቸው ከሸዋ የመጡ ወታደር ናቸው። እናቴ ደግሞ የሁሩሙ ሰው ስለሆነች እኔ አማርኛና ኦሮምኛ እየቀላቀልኩ ነው ያደግሁት። ባለቤቴ በዕድሜ በጣም ይበልጡኝ ስለነበር ከተጋባን ጀምሮ «አንቱ» ነው የምላቸው።

ግሪኩ አደን ይወድ ነበር። አንድ ትልቅ ጠመንጃ ነበረው፤ እሱ «ማግነም» ይለዋል። ጥይቱ ከመሐል ጣቴ ይረዝማል፤ ጎሽን ባለበት የሚጥል ነው ይባል ነበር። ችግሩ ጥይቱ እዚህ አገር አይገኝም። አዲስ አበባ ያለው ባለሱቅም «የሚያመጣልኝ የለም» ብሎ ተወው። ስለዚህ ግሪኩ መሣሪያውን ከውጭ አስመጥቶ ጥይቱን ራሱ መሙላት ጀመረ፤ እጃቸው ለብረት ሥራ የተፈጠረ ነውና ባለቤቴንም አስተማራቸው። በኋላ ታሞ ወደ አገሩ ሲመለስ ጠመንጃውን ከነመሣሪያው ሰጣቸው፤ ፈቃዱንም በአውራጃው ግዛት ጽሕፈት ቤት በስማቸው አዛወረላቸው።

አሞላሉ እንዲህ ነው። ከተተኮሰ በኋላ የሚቀረው የነሐስ ቀለህ አይጣልም። ይወለወላል፤ በእጅ በሚጫን ማሽን ተጨምቆ ወደ ልኩ ይመለሳል። ከቂጡ ላይ ያረጀችው ትንሽ ቆብ ወጥታ አዲስ ትገባለች፤ ምላጩ ሲሳብ እሳቱን የምትጭረው እሷ ናት። ከዚያ ባሩዱ እንደ ወርቅ በትንሽ ሚዛን ይመዘንና ይጨመራል። በመጨረሻ አረሩ ከላይ ተጭኖ ይገጠማል። ባለቤቴ ይህን ሲሠሩ ትንፋሻቸውን እንኳ ይቆጥባሉ። ሚዛኑ በትንፋሽ ይነቃነቃል።

ባሩዱ ሁለት ዓይነት ነበር። አንዱ የማግነሙ ነው። ሌላው ግሪኩ ቆቅና ጅግራ የሚመታበት የወፍ ጠመንጃ ባሩድ ነው። ገና እንደተሰጣቸው አንድ እሑድ ከሁለቱም ትንሽ ትንሽ መዳፋቸው ላይ አድርገው አሳዩኝ።

«ይኸውልሽ፣ የወፉ ጠፍጣፋ ነው፤ እንደ ዓሣ ቅርፊት። ቱግ ብሎ ነው የሚነደው። የማግነሙ ደግሞ እንደ ተቆራረጠ ክር ነው፤ ረጋ ብሎ ይነድዳል። የወፉን በማግነም ቀለህ የሞላ ሰው አለቀለት።»

«ምን ይሆናል?»

«ጠመንጃው ይፈነዳል። የኋላ ብረቱ ፊቱ ላይ ይመጣበታል።»

«ታዲያ የወፉን ለምን ያስቀምጡታል? ወፍ አይመቱ!»

«ባሩድ ይጣላል እንዴ?» ብለው ሳቁብኝ።

የኢሉባቦር ዝናብ ቆርቆሮ አያስተርፍም። የባሩዱ ዕቃዎች ሲዝጉ ባለቤቴ ሁለቱን ባሩዶች ለየብቻ ወደ ሻይ ቅጠል ጣሳ ገለበጧቸው። ጣሳዎቹ አንድ ዓይነት ናቸው፤ በአንደኛው ክዳን ላይ በሚስማር መስቀል ጭረውበታል። መስቀል ያለበት የማግነሙ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቁም ሣጥኑን በከፈትኩ ቁጥር ዓይኔ መጀመሪያ የሚሄደው ወደዚያች መስቀል ነበር።

ሌላም የሚያስፈራኝ ነገር ነበር፤ ለማንም አልተናገርኩትም። ባለቤቴ ዳዊታቸውን ራቅ አድርገው መያዝ ጀምረው ነበር። ቀስ በቀስ ክንዳቸውን ዘረጉት፤ በኋላ ጭራሽ መጽሐፉን ከድነው በቃላቸው ይደግሙ ጀመር። «መብራቱ አይረባም» ይላሉ። ማሽን ቤት ትናንሽ ብሎኖችን በጣታቸው እየዳበሱ እንደሚፈቱ አየሁ። ጠየቅኋቸው፤ ተቆጡ። ሁለተኛ አልጠየቅሁም።

በጥቅምት፣ ቡና መቅላት በጀመረበት ሰሞን፣ አንድ ሽማግሌ ከያዮ በበቅሎ መጡ። የባለቤቴ አባት ወዳጅ የነበሩ የቡና ጫካ ባለቤት ናቸው። ውሃው ከካባቸው እየተንጠባጠበ ሳይቀመጡ ነው የተናገሩት።

«ገፈርሳ ነው» አሉ፤ ጎሽ ማለታቸው ነው። «ከመንጋው የተለየ ብቸኛ ወንድ። ቡናው ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ። ትናንት አንዲት ሴት ገደለብን። ገብቶ የሚለቅም ሰው ጠፋ። ቡናው እየረገፈ ነው። ልጄ፣ ያንተ ጠመንጃ ነው የሚያስፈልገን።»

ባለቤቴ ሣጥኑን ከፈቱ። ከግሪኩ የተረፉ የፋብሪካ ጥይቶች ሁለት ብቻ ነበሩ። የቀረው ሁሉ ባዶ ቀለህ ነው። «ተቀመጡ፣ አሁን እሞላለሁ» አሉና ጠረጴዛውን አጸዱት። እሳቱን አጠፋሁ፤ ልጄን ጎረቤት አደረስኩ፤ በርጩማዬ ላይ ተቀመጥኩ።

ውጭ ዝናቡ ወርዶ ቤቱ ጨልሟል፤ ፋኖስ ደግሞ ከባሩድ ጋር አይበራም። ሽማግሌው ሴትዮዋ እንዴት እንደሞተች ይናገራሉ። ቅርጫቷን ተሸክማ ጎንበስ እንዳለች ከኋላዋ እንደመጣባት፣ ባሏ ዛፍ ላይ ሆኖ እያየ መውረድ እንዳልቻለ። ባለቤቴ ይሰማሉ፣ ይመዝናሉ፣ ይሞላሉ። «አይዞሽ» አሉኝ አንዴ ቀና ብለው። ፊቴን አይተው ይሆናል።

ዝናቡ ጋብ እንዳለ ተነሡ። ሁሩሙ አድረው በማለዳ ያዮ ለመግባት ነው። ጠመንጃውን በጨርቅ ጠቅልለው በበቅሎ ሄዱ። እናቴ «መንገደኛ ከወጣ በኋላ ቤት አይጠረግም፤ ዱካውን መጥረግ ነው» ትል ስለነበር ጠረጴዛውን እንዳለ ተውኩት። ሌሊቱን የቀንዱ ነገር ሲያባንነኝ አደረ። የፈራሁት ጎሹን ነበር።

ጠዋት ርጥብ ጨርቅ ይዤ ጠረጴዛውን ወለወልኩ። ጨርቁን ላራግፈው ወደ በር ወጣሁና በብርሃን አየሁት። ጥቃቅን ነገር ተጣብቆበታል። ግራጫ ነው፤ ጠፍጣፋ ነው፤ እንደ ዓሣ ቅርፊት።

መጀመሪያ አልገባኝም። የድሮ ነው፣ ከጠረጴዛው ስንጥቅ የወጣ ነው አልኩ። ጨርቁን ይዤ ቁም ሣጥኑን ከፈትኩ። መስቀል ያለበትን ጣሳ አነሣሁ፤ ባለፈው እንደነበረ ነው፤ ክሩ ባሩድ አልተነካም። ሌላውን ከፈትኩት። ግሪኩ ከሄደ ወዲህ ማንም ወፍ አልተኮሰም፤ ያ ጣሳ እስከ አፉ ሙሉ ነበር። አሁን ጎድሏል። ጨለማ፣ ዝናብ፣ የሽማግሌው ወሬ፣ የማያይ ዓይን። ሚዛኑ ክብደቱን ልክ ነው ብሏል፤ የተመዘነው ባሩድ ግን የወፉ ነው።

መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ከዚያ መቼ እንደተነሣሁ አላስታውስም፤ ነጠላዬን እየጎተትኩ ወደ ቡናው መጋዘን ስሮጥ ግን ትዝ ይለኛል። አንድ የጭነት መኪና ቡና ጭኖ ወደ በደሌ ሊወጣ ሞተሩን አስነሥቷል። ሾፌሩን አውቀዋለሁ።

«ያዮ አድርሰኝ ወንድሜ!»

«እትዬ፣ ጋቢናው ሞልቷል...»

«ጥይቱ ተሳስቷል! ከተኮሱ ይሞታሉ!»

ከዚያ በላይ መናገር አቃተኝ። ሾፌሩ አጠገቡ የነበረውን ነጋዴ አስወርዶ እኔን አወጣኝ። ነጋዴውም ክፉ አልተናገረም፤ ከበስተኋላ ከጆንያው ላይ ወጣ።

ያን መንገድ ስንት ጊዜ ሄጄበታለሁ፤ እንደዚያ ዕለት ግን ረዝሞብኝ አያውቅም። የሶርን ድልድይ ስንሻገር ውሃው ሞልቶ ቀይ ሆኗል። መኪናው ዳገቱ ላይ ሲያቃስት እኔ በልቤ እገፋው ነበር። ሁሩሙ ደርሰን ካደሩበት ቤት ጠየቅን። «ገና ጎህ ሳይቀድ ነው የሄዱት» አሉን። ከሁሩሙ አልፈን ደግሞ ጎማው ጭቃ ውስጥ ገባ። ሾፌሩና ነጋዴው ወርደው ቅጠልና ድንጋይ ሲጎዘጉዙ እኔም ወርጄ እገፋለሁ፤ ጭቃው እስከ ጉልበቴ ደርሶ ጫማዬ አንዱ እዚያው ቀረ። የምሰማው የመኪናውን ጩኸት አልነበረም። ጆሮዬ ከወዲያኛው ጫካ አንድ ነገር ይጠብቅ ነበር።

«እግዚአብሔር ያውቃል፣ እስካሁን ጎሹን አላገኙትም» አለኝ ሾፌሩ። ጥሩ ሰው ነበር።

ያዮ ከሽማግሌው ቤት ስደርስ ሚስታቸው ብቻቸውን ደጅ ቆመዋል። «ጫካ ገብተዋል» አሉኝ በኦሮምኛ። «ማን ይወስደኛል?» ስል ዙሪያውን አዩ። ወንዶቹ ሁሉ ወይ ከባለቤቴ ጋር ሄደዋል ወይ ጎሹን ፈርተው ዛፍ ላይ ናቸው። አንድ የንብ ቀፎ ሰቃይ አጥሩ ጥግ ተቀምጦ ገመድ ይፈትል ነበር። ጉዳዩን ሲሰማ ገመዱን ጣለና ጦሩን አንሥቶ «ነይ» አለኝ።

የቡና ጫካ ውስጥ ቀንም ቢሆን ብርሃኑ አረንጓዴ ነው። ከላይ ረጃጅሞቹ ዛፎች፣ ከሥር ቡናው፤ ከፊት ያለውን ሰው እንኳ ቅጠሉ ይሸፍነዋል። የቀላው ቡና መሬት ላይ ረግፎ እንደ ደም ተነጥፏል። ሰው የለም፤ ወፍ የለም፤ ጉሬዛዎቹ እንኳ ዝም ብለዋል። ቀፎ ሰቃዩ በየመሐሉ ቆሞ ያሸታል።

«ዛፍ መውጣት ትችያለሽ?» አለኝ በሹክሹክታ።

«አልችልም።»

«ከመጣ ውጪ። ያኔ ትችያለሽ።»

አንድ የእግር ዱካ አሳየኝ፤ ውሃ እየሞላበት ነው፤ ገና አሁን የተረገጠ። ልጠራቸው ፈለግሁ። አፌን ስከፍት በእጁ አፈነኝ። «ከጮኽሽ እሱም ይሰማሻል» አለኝ። ስለዚህ ዝም ብዬ ሄድኩ። መጮኽ እየቻሉ ዝም ማለት እንዴት ያለ ሥቃይ እንደሆነ ያን ቀን አወቅሁ።

በዚህ መሐል ጥይቱ ጮኸ።

ጫካው በሙሉ ተናወጠ። እኔ በጉልበቴ ወደቅሁ። የማግነሙን ድምፅ ከዚህ በፊት ሰምቼ አላውቅም፤ የደህናው ድምፅ ይሁን የመፈንዳቱ በምን ልለየው? ሰው ይጮኻል ብዬ ጠበቅሁ። የሚጮኽ የለም። ቀፎ ሰቃዩ ክንዴን ይዞ አነሣኝ። «ሂን ሶዳቲን» አለኝ፤ አትፍሪ ማለቱ ነው።

ሮጥን። ቡናው ፊቴን ይገርፈኛል። አንድ ትልቅ ዛፍ አልፈን ወደ ትንሽ ገላጣ ቦታ ስንወጣ ባለቤቴን አየኋቸው። ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ቆመዋል። ራሳቸው ትከሻቸው ላይ አለ፤ እጃቸው አለ፤ በሕይወት አሉ። አጠገባቸው አንድ ባለ ጦር ሰውዬ አለ። ከፊታቸው ቁጥቋጦው ተሰባብሮ ደም ተረጭቷል። ጎሹ ቆስሎ ገብቷል። የተኮሱት ከግሪኩ ጥይት አንዱን እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። ሁልጊዜ የሚያምኑትን ነበር የሚያስቀድሙት። ሁለተኛውንም አስከትለው ይሆን? ወይስ ቀጥሎ የገባው በጠረጴዛችን ላይ የተሞላው ነው? የነሐሱ ቀለህ ሣሩ ላይ ወድቆ ይታየኛል፤ ጠመንጃው እንደገና ተሞልቷል፤ እሳቸው ወደ ቁጥቋጦው አነጣጥረዋል።

ብጮኽ ጎሹ ይወጣል። ባልጮኽ ይተኩሳሉ። ያሰብኩበት ጊዜ ካለ አላስታውሰውም። የወጣኝም በእናቴ አፍ ነው።

«ሂን ዱካሲና! አይተኩሱ! ባሩዱ የወፉ ነው!»

ባለቤቴ ዞሩ። በዚያው ቅጽበት ቁጥቋጦው ተከፈተ። ጎሽ ሲመጣ አይሮጥም፤ መሬት የተናደ ነው የሚመስለው። አፍንጫውን ቀና አድርጎ፣ ደም እየረጨ፣ በቀጥታ ወደ እሳቸው። ጠመንጃው ወደ ትከሻቸው ሲወጣ አየሁ፤ ጉንጫቸው ሰደፉ ላይ ሲያርፍ አየሁ። ከዚያ ጠመንጃውን እንደያዙ ወደ ጎን ተወርውረው ከዛፉ ሥር ተንከባለሉ። ቀንዱ የዛፉን ልጥ ልጦት አለፈ። ባለ ጦሩ ወጋው፤ ጦሩ ከነዘንጉ ጎኑ ላይ ተተክሎ ቀረ። ቀፎ ሰቃዩ እኔን ገፍትሮ ጣለኝና ላዬ ላይ ወደቀ። ኮቴው አጠገባችን ሲያልፍ መሬቱ ከሥሬ ይዘል ነበር።

ራቅ ብሎ አንድ ከባድ ነገር ወደቀ። ከዚያ ረጅም፣ የሚያሳዝን ድምፅ መጣ። ቀፎ ሰቃዩ ጆሮውን ጥሎ ከሰማ በኋላ «ሞተ» አለ። የመጀመሪያው ጥይት ሳንባውን መቶት ነበር።

ባለቤቴ ከዛፉ ሥር ተቀምጠዋል። ትከሻቸው ወጥቷል፤ ፊታቸው ዐመድ መስሏል። አልተቆጡም፤ እዚያ ምን እንዳመጣኝም አልጠየቁኝም። ጠመንጃውን ከፍተው ጥይቱን አወጡት፤ በችኮላ ያስገቡት ጠረጴዛችን ላይ የሞሉትን ነበር፤ የግሪኩ ሁለተኛ ጥይት ኪሳቸው ውስጥ ቀርቷል። ባለ ጦሩ ቀለሁን ይዞላቸው፣ አረሩን ከኪሳቸው ባወጡት ጉጠት ነቅለው ባሩዱን መዳፋቸው ላይ አስገለበጡት። ወደ ዓይናቸው አቀረቡት። ራቅ አደረጉት። እንደገና አቀረቡት። ከዚያ መዳፋቸውን ወደ እኔ ዘረጉ።

«አንቺ እዪው» አሉኝ። «እኔ አላየውም።»

ከባሌ አፍ እንዲህ ያለ ቃል ሲወጣ የመጀመሪያ ጊዜ ነው። ጎንበስ ብዬ አየሁ። ጠፍጣፋ ነው። ልነግራቸው ስል ግን ለቅሶዬ ቀደመኝ። እሳቸውም መልሱን ከለቅሶዬ አወቁት።

ትከሻቸውን እዚያው ያዮ አንድ ወጌሻ መለሰላቸው። ጎሹ ተገፍፎ ሥጋው ለሠፈሩ ሲከፋፈል ሰዉ ይዘፍናል፤ የሟቿ ባል ብቻ ጥግ ላይ ተቀምጦ ያለቅሳል። ባለቤቴ ምግብ ቀርቦላቸው አልጎረሱም።

ትከሻቸው ሲድን በቡና መኪና አዲስ አበባ ወጥተው መነጽር አድርገው ተመለሱ። በመጡ ማግስት፣ ፀሐይ በመስኮቱ ስትገባ፣ ሁለቱን ጣሳዎች ጎን ለጎን ከፍተው ለረጅም ጊዜ ሲያዩ አገኘኋቸው።

«እንዲህ የተለያዩ ናቸው?» አሉ። «እንዲህ?»

ከሁለቱም ቆንጠር አድርገው መዳፋቸው ላይ አነጻጸሩ።

«ከዚህ በፊት የሞላሁትስ? አምና ጎሬ መንገድ የተኮስኩት? እጄ እየዳበሰ የሞላው ስንቱ ነው?»

መነጽሩን አወለቁና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። እስከዚያ ቀን ድረስ በዚህ ቤት የምፈራው እኔ ብቻ ነበርኩ።

በዚያው ሳምንት ሁለቱንም ባሩድ ጓሮ ላይ በትነው አቃጠሉት። ከርቀት ቆሜ አየሁ፤ የወፉ ገና እሳቱ ሳይነካው ነድዶ አለቀ ማለት ይቻላል። ያዮ ላይ የተረፉትን ጥይቶች አንድ በአንድ ፈቷቸው። መሙያ ማሽኑን ነቅለው ለአንድ ብረት ሠሪ ሰጡት።

በሚቀጥለው ዓመት፣ ቡናው ሲቀላ፣ የያዮው ሽማግሌ በበቅሏቸው እንደገና መጡ። ከገባ ወንዝ በኩል ሌላ ጎሽ መጥቷል አሉ። ባለቤቴ ጠጅ አቀረቡላቸው፤ እስኪጠጡ ጠበቁ። ከዚያ እንዲህ አሉ፦

«አባቴ፣ እኔ ከእንግዲህ አልተኩስም። ፈርቻለሁ።»

በዚያ ዘመን ወንድ፣ ያውም ጎሽ የገደለ ወንድ፣ በእንግዳ ፊት ፈራሁ አይልም። አንገቴን ደፋሁ። ሽማግሌው ብርሌውን አስቀምጠው ባለቤቴን ትክ ብለው አዩአቸው። አልነቀፏቸውም። «እንግዲያስ ፖሊሶቹን እጠይቃለሁ» ብለው ካባቸውን ደረቡ። ባለቤቴ እስከ በር ሸኟቸው፤ በቅሎዋ ከዓይን ከጠፋች በኋላም ወደ ውስጥ አልተመለሱም። መነጽራቸውን እንዳደረጉ፣ ወደ ያዮ የሚወስደውን መንገድ እያዩ ብዙ ቆሙ።